ለጠመንጃ የተሰጠ ጉርሻ

የቀድሞ አማቴ «ሰናይት ስለ ጥይት የምታውቀውን ያህል ስለ ሽሮ ብታውቅ ኖሮ ልጄ ጥሏት ባልሄደ ነበር» ትላለች አሉ። ጥሏት ሄደ የሚለው ላይ አልስማማም፤ ጥዬው የወጣሁት እኔ ነኝ። የቀረው ግን እውነት ነው። ያደግሁት አዳማ ውስጥ፣ ጓዳው ላይ ከበርበሬው ማሰሮ ጎን የጥይት ሳጥን በሚቀመጥበት ቤት ነው። እናንተ አደን የሚባል ነገር የማትወዱ ከሆናችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አልወድም። የምነግራችሁ ግን ስለ አንዲት ጥይት ነውና ጥቂት ታገሱኝ።

አባቴ ጋሽ ዘውዴ ፈቃድ ይዘው የሚመጡ የውጭ አገር አዳኞችን በአርሲ ተራሮችና በአዋሽ ቆላ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። እናቴ ስትሞት ሥራውን ተወና ቤት ተቀመጠ። ስሙ ግን አልተቀመጠም። በሰፈራችን «ዘውዴ ከተኮሰ ቢላህን ሳል» ይባል ነበር፤ ሳይሞት የሚቀር አውሬ የለም ለማለት ነው። ሠርግ ላይ፣ እድር ላይ፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ሰው ይህን እያነሳ ያስቀዋል። እሱ ይስቅና ርዕሱን ይቀይራል። ቤት ስንገባ ግን ደስ ብሎት እንደዋለ ከአካሄዱ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ እኔ ከትዳሬ ወጥቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ሆኜ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሹፌርና ከፈታሽ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ፣ ማታ ከአባቴ ጋር ስለ ጨው ብዛት እጨቃጨቃለሁ። በጨው መጨቃጨቅ ፍቅራችን ነበር።

አንድ ዓርብ ስልክ ተደወለለት። ባቱ አጠገብ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ መንደር አንድ ጉማሬ ዓሣ አጥማጅ ገድሏል። ከዚያ በፊትም ማሳ እያጠፋ፣ ታንኳ እየገለበጠ አስቸግሯል። የሚመለከተው ቢሮ እንዲገደል ፈቅዶ፣ የሚያምነው ሰው ስላጣ ጋሽ ዘውዴን ለመነ።

«አትሄድም» አልኩት።

«እሄዳለሁ።»

«አባዬ፣ ጉልበትህን እያመመህ ነው። ደረጃ እንኳ በልመና ነው የምትወጣው።»

«ጉማሬው ደረጃ ላይ አይደለም ያለው» አለኝ። ከዚያ ቀልዱን ተወና «እኔ ካልሄድኩ ክላሽ ይዘው ይሄዱበታል፤ እንደ ወንፊት ይበሱታል፤ አይሞትም። የቆሰለ ጉማሬ ውሃ ዳር ትተሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት። በማግስቱ እኔ እየነዳሁ ወጣን።

ሞጆን አልፈን በቆቃ በኩል ወደ መቂ ስንወርድ ጥይቶቹን በመሐረብ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ጠመንጃው ሰባት ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጉማሬ ቀርቶ ለከርከሮም ያንሳል የሚሉ ብዙ አዳኞች አሉ። እኔም ልነካካው ፈልጌ «ለዚያ ሁሉ ሥጋ ይቺን ቀጭን ነገር ይዘህ ስትሄድ አታፍርም?» አልኩት።

«ትልቁንም ተኩሼዋለሁ» አለ። «አውሬውን ከመምታቱ በፊት ትከሻዬን ነው የሚመታኝ። ትከሻውን የፈራ ሰው ደግሞ ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ይቺ ትከሻ አትነካም፤ ያየሁበት ቦታ ትገባለች። ዋናው አረሩ ነው።»

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው፤ እናንተ ግን ላትሰሙት ትችላላችሁና ልንገራችሁ። በእኛ ቋንቋ ሁሉንም ጥይት ነው የምንለው። ነሐሱም ጥይት ነው፣ ከአፈሙዙ የሚወጣውም ጥይት ነው። አባቴ ግን ለይቶ ነበር የሚጠራቸው። ነሐሱ ቀለህ፣ ሄዶ የሚመታው አረር። አንድ ዓይነት ቀለህ፣ ቂጡ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው፣ በአንድ ጠመንጃ የሚጎርስ፣ ከሁለት የማይገናኙ አረሮች አንዱን ሊይዝ ይችላል። አንደኛው ረጅም፣ ከባድ፣ ጫፉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። ይህን ድፍን ይለዋል። ድፍኑ አጥንት ሲያገኝ አይለጠጥም፣ መንገዱንም አይቀይርም። ሁለተኛው ጫፉ ላይ እርሳሱ ወጥቶ የሚታይ ለስላሳ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይከፈታል። ለሚዳቋና ለአጋዘን ጥሩ ነው፤ እንስሳው ሳይሰቃይ ቶሎ ይሞታል።

«ጉማሬ ራስ ላይስ?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

መቂ ደርሰን ነበር። መንገድ ዳር በሳጥን የተደረደረውን ቲማቲም በአገጩ አሳየኝና «አንዷን አንስተሽ ግድግዳ ላይ ወርውሪያት» አለኝ። «ትንሽ ጠመንጃ የያዘ ሰው በአረር ምርጫ አይቀልድም፤ ባለ ትልቁ ነው ስህተት የሚችለው።»

ከባቱ ወጣ ብለን በአቧራ መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ውጭ ነበር። ለቅሶው ገና አልወጣም። ሴቶቹ አንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ ወጣቶቹ ገጀራና ጦር ይዘው ቆመዋል። ከቢሮው የተላከው ሠራተኛ ጉማሬው ያለበትን አሳየን። ከደንገሉ ፊት ለፊት፣ ውሃው ጥልቀት በሌለበት ቦታ ጀርባው እንደ ደረቅ ድንጋይ ይታያል። ወደ ጥልቁ አይሄድም፣ ሰውም አይፈራም።

አባቴ ኩይሳ ላይ ሊተኛ ቦታ እየመረጠ ሳለ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ የጣሉ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ የሞተው ዓሣ አጥማጅ የገመቹ አባት ናቸው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«አካም፣ ወንድሜ» አሉት።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ኦቦ ቱፋ።»

«ገመቹ አንድ ነው። ወንድ ልጅ ሌላ የለኝም» አሉ። እጃቸውን ፎጣቸው ውስጥ ከተቱና አንዲት ጥይት አወጡ። አብረቅራቂ ናት፤ ሲወለውሏት እንደኖሩ ያስታውቃል። «ይቺ የሱ ናት። ድሮ ፈረንጆች ለአደን ሲመጡ ድንኳን ይተክልላቸው ነበር። ሲሄዱ ሰጡት። ጠመንጃ የለውም፣ ግን አልሸጣትም፤ ትራሱ ሥር ነበረች። ቁጥሯን አየሁ፤ ከአንተ ጠመንጃ ጋር አንድ ነው አሉኝ። ጠመንጃህን እኔ ላጉርሰው። መጀመሪያ የምትተኮሰው እሷ ትሁን።»

ጥይት ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ጎረሰ ነው የምንለው፤ ታውቁታላችሁ። ቃሉን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ከባድ ሆኖብኝ አያውቅም። አባቴ ጥይቷን ተቀበለ፤ ገልብጦ ቂጧን አየ። ቁጥሩ አንድ ነው። ከዚያ አውራ ጣቱን ጫፏ ላይ አሳረፈ። ቆሜ ካለሁበት ይታየኝ ነበር፤ ግራጫ እርሳስ ጫፏ ላይ ወጥቷል። ለስላሳ ናት።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ...»

«ሰናይት» ብሎ አቋረጠኝ።

ወደ ሽማግሌው ዞሮ በትሕትና «ኦቦ ቱፋ፣ ሁለተኛ ላድርጋት። የመጀመሪያዋን የኔን ልተኩስ፣ የልጅዎ ትከተል» አላቸው።

ኦቦ ቱፋ አልተቆጡም። ግራ ተጋቡ እንጂ። «በእናንተ ዘንድ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። መንደሩ ሁሉ እያየን ነው። «አይመለስም» አለ አባቴ። የጠመንጃውን መዝጊያ ከፍቶ አቀረበላቸው፤ ኦቦ ቱፋ በሁለት ጣታቸው ይዘው በዝግታ አስገቧት። ከከንፈራቸው የሚወጣውን አልሰማሁትም። የልጃቸውን ስም ይመስለኛል።

ኩይሳው ጋ ስንደርስ ብቻችንን ሆንን፤ እኔም አልቻልኩም።

«ለሚዳቋ የተሠራች ናት! አንተው ነህ አሁን መኪና ውስጥ ቲማቲም ምናምን ያልከኝ። አውጣትና በድፍኑ ቀይራት፤ ማን ያይሃል?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ታዲያ?»

«ሰውየው ልጁን ቀብሮ ነው የመጣው» አለኝ በሹክሹክታ። «ከልጁ የቀረችው ይቺ ናት። ምን ልበለው? ልጅህ የተወልህ ነገር ለምንም አይሆንም ልበለው? ወይስ ጀርባውን ሲያዞር ከአፌ አውጥቼ ልትፋት?» ከዚያ ወደ ውሃው እያየ «ከጆሮው በታች አጥንቱ የሳሳበት ቦታ አለ። የቡና ስኒ ቂጥ ታህላለች። እዚያ ካስገባኋት ልታልፍ ትችላለች» አለ።

«ትችላለች?»

«ትችላለች።»

ከዚያ በፊት አባቴ ስለ ተኩስ ሲያወራ «ትችላለች» ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ተኝቶ ሰደፉን ጉንጩ ላይ አስጠግቷል፤ እንደዚያ ሲሆን አይናገሩትም።

ጉማሬው ቆይቶ ቆይቶ ራሱን ከውሃው አወጣ። ዞሮ ጎኑን ሰጠን። ጆሮውን አራገፈ። አባቴ ትንፋሹን ያዘ፤ ጠመንጃው ጮኸ። አውሬው በፊት ጉልበቱ ወደቀ፤ ውሃው ወደ ላይ ተረጨ። ከኋላችን እልልታ ተሰማ። እኔም በደስታ የአባቴን ጫማ ይዤ ነበር። ገደለው ብያለሁ።

አልሞተም። ራሱን እያወዛወዘ ተነሣ። አባቴ ቀለሁን አውጥቶ ድፍኑን አጉርሶ ነበር፤ ግን እልልታውን የሰሙ ወጣቶች የወደቀውን ሊያርዱ ገጀራ ይዘው ሮጠው በአፈሙዙ ፊት ገብተዋል። «ወደ ኋላ! ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ሲሉ ጉማሬው ደንገሉን እየሰበረ ገብቷል። ዳር ላይ ቆመው የነበሩት አባ ኮዳዎች ሁሉ ተነሥተው በረሩ። ከዚያ ፀጥ አለ። ደንገሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

የቢሮው ሠራተኛ «ጋሽ ዘውዴ፣ ነገ ሰው ጨምረን እንመለስ» አለ።

«ከደንገሉ ወዲያ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ነው» አለ አባቴ። «ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። እኔ እከተለዋለሁ።»

እጅጌውን ያዝኩት። እንደ ሕፃን ነበር የያዝኩት፤ አላፍርም። «አብሬህ እገባለሁ» አልኩት።

«አንቺ ሂጂና መኪናውን አዙሪው። አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጊው፣ ሞተሩን አታጥፊ።»

ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል፤ ስለገባኝም አልለቅም አልኩ። እጅጌውን ከጣቶቼ ቀስ አድርጎ አላቀቀና እያነከሰ ወረደ። ኦቦ ቱፋ ከአንዱ ወጣት እጅ ጦር ነጥቀው ተከተሉት። እንዲመለሱ በእጁ ቢያሳያቸውም አልተመለሱም፤ ደንገሉ አፍ ላይ ቆሙ።

መኪናውን አዞርኩ። መሪውን ይዤ በመስኮት ደንገሉን እያየሁ ጸለይኩ፤ ቃላቱን ግን አላስታውስም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደንገሉ ሁሉ ስለሚወዛወዝ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ አልቻልኩም። በመጨረሻ ትልቅ ስብራት ተሰማ፤ አንድ ተኩስ፤ ቀጥሎ የኦቦ ቱፋ ጩኸት። ስሮጥ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ጉማሬው ሞቶ ነበር። አባቴ መንጋጋው ሥር ወድቋል፤ ጭኑና የሆዱ ታች ተቀዷል። ኦቦ ቱፋ ፎጣቸውን አውልቀው ጭኑን እያሰሩ ነበር። ወጣቶቹ የአውሬውን ራስ ተረባርበው ሲያነሡ አየሁት። ግንባሩ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ይህ የድፍኑ ነው። ከጆሮው በታች ደግሞ ሌላ። አባቴ ያሳየኝ ቦታ፣ የስኒ ቂጥ የምታህለዋ፣ መሐሏ ላይ። አልሳተም። ይህን አየሁና ወደ አባቴ ዞርኩ።

ኦቦ ቱፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የአባቴን ራስ ታቀፉ። ወደ ባቱ ሆስፒታል እየነዳሁ ነው። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ ብፈጥን ያቃስታል፣ ብዘገይ ደሙ ይፈስሳል። በመስታወት አያቸዋለሁ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

«ዘውዴ፣ እውነቱን ንገረኝ። የልጄ ጥይት ናት? እሷ ናት ያበላሸችው?»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም ልናገር ነበር፤ ቲማቲሙን፣ እርሳሱን፣ አጥንቱን። አባቴ ቀደመኝ።

«አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ጥይቷ ደህና ነበረች። እኔ ነኝ የሳትኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ። አርጅቻለሁ፣ ቱፋ።»

ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። አልለመነኝም፣ አላዘዘኝም። ዝም ብሎ አየኝ። በአፉ የተናገረው ያንን የሰፈር ስም፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር የሚነሣውን ስም፣ አውልቆ ለማያውቀው ሰው እንደመስጠት ነበር። አፌን ዘጋሁ። ኦቦ ቱፋ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር እያሉ ፀጉሩን ዳበሱት።

ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ አረፈ። እኔ አላወቅሁም፤ ክላክስ እያደረግሁ ነበር። ኦቦ ቱፋ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይው፤ ቀስ በይ» ሲሉኝ ነው የገባኝ።

አዳማ ቀብረነው ድንኳን ተጣለ። ሰው ለማጽናናት ይመጣል፤ እግረ መንገዱን ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፣ ሟችማ ጨርሶ አይሰማም። «ከዚያ ርቀት እንዴት ይስታል?» ይላል አንዱ። «ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል» ይላል ሌላው። «በስተርጅና ምን ፈልጎ ሄደ? ስሙን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?» ትናንት ቢላህን ሳል ሲሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ኩርሲ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከሁሉ የባሰበት አጎቴ ጋሽ አበራ ነው፤ የአባቴ ታናሽ። እሱም በወንድሙ ስም ሲኮራ ነው የኖረው። ኦቦ ቱፋ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር በአውቶቡስ መጥተው ለቅሶ የደረሱ ቀን፣ ጥይቷን እሳቸው እንደሰጡ ከማን እንደሰማ አላውቅም፣ ከመካከል ተነሥቶ ቆመ።

«ወንድሜ ስቶ አያውቅም!» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ግን ልጠይቅ። ምን ዓይነት ጥይት ነው የሰጣችሁት?»

ኦቦ ቱፋ የያዙትን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡ። የተቀረው ሰው ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። ሽማግሌው ግን አጎቴን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነበር። መኪና ውስጥ የተነገራቸውን አላመኑም ማለት ነው፤ ወይም ለማመን ሌላ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

«ሰናይት» አለኝ አጎቴ። «አንቺ ጥይት ታውቂያለሽ፤ እዚያም ነበርሽ። ተናገሪ። የአባትሽ ስም ነው።»

ተነሣሁ። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት። እንዲህ ያለ ዕዳ ለልጁ ጥሎ የሚሞት አባት አለ? አንድ ቃል ብናገር ስሙ ይመለሳል። አንድ ቃል ብናገር ደግሞ ልጁን የቀበረ ሰው፣ በልጁ ጥይት ሌላ ሰው አስገደልኩ እያለ ቀሪ ዘመኑን ይኖራል።

«ጥይቱ ደህና ነበር» አልኩ። «አባዬ ነው የሳተው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አይቻለሁ።»

አጎቴ እንደተመታ ሰው ተቀመጠ። ኦቦ ቱፋ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ጮክ ብለው አለቀሱ። አብረዋቸው የመጡት ሰዎች በኋላ እንደነገሩኝ ልጃቸው ሲቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀሱም።

ጠመንጃውን ባቱ ፖሊስ ይዞት ስለነበር ልረከብ ሄድኩ። ከዚያው ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። የጉማሬውን ራስ ቅል ጅብና አባ ኮዳ አጽድተውታል። ግንባሩ ላይ ድፍኑ ጥርት ያለ ቀዳዳ አበጅቶ አልፏል። ከጆሮው በታች ግን አጥንቱ ተሰነጣጥቆ፣ ግራጫ እርሳስ እንደ ቅባት ተለጥፎበታል። አላለፈችም። ከድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስክጠግብ አለቀስኩ። ቀና ስል ኦቦ ቱፋ ከሩቅ ቆመው እጃቸውን ሲያነሡልኝ አየሁ፤ እንዳያዩት ሸማዬን ራስ ቅሉ ላይ ጥዬ ሄጄ ሰላም አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር ዓሣ ይልኩልኝ ነበር። አግብቼ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ አላገባሁም ስላቸው ይናደዳሉ። ወደድኳቸው። ዕድሜያቸው ረዘመ፤ እኔም ቃሌን ይዤ ቆየሁ። በየለቅሶው፣ በየሠርጉ «የጋሽ ዘውዴ ልጅ አይደለሽ? ያ መጨረሻ ላይ የሳተው?» ሲሉኝ «አዎ» እያልኩ ኖርኩ። ድሮ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነበርኩ፤ ሞጆ ያሉ ሹፌሮች ይመስክሩ። አሁን ሰው ሲናገር ቶሎ አልመልስም። ጨዋነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሰው እንደሚወድቅ አይቻለሁ።

አንዳንድ ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ዛሬም ይደውሉልኛል። «ሰናይት፣ ጠመንጃችን ትንሽ ነው፤ ለትልቅ አውሬ የቱ አረር ይሻለናል?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ክብደቱን፣ ጫፉን፣ የት መምታት እንዳለባቸው። ከዚያ ሁሌም አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ሰው በፍቅር የሚሰጣችሁን ተቀበሉ፣ ሳሙትና ልባችሁ ጎን ባለው ኪስ ክተቱት፣ ለጠመንጃችሁ ግን አታጉርሱት። ይስቃሉ። እናንተም ትስቁ ይሆናል። አባቴ ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዳንድ ቀን እኮራበታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጨው የበዛበት ወጥ ፊት ለፊት ብቻዬን ተቀምጬ እሰድበዋለሁ።

ኦቦ ቱፋ ባለፈው በጋ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አለቀስኩ፤ ግን ውስጤ አንድ ነገር ተፈታ። ከዚያ በቀጥታ የነዳሁት ወደ አጎቴ ቤት ነው። ጋሽ አበራ አርጅቷል፤ ጆሮውም ከብዷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ጥይቷን፣ ጉርሻውን፣ መኪናው ውስጥ የተባለውን፣ ራስ ቅሉን። «ጋሼ፣ ወንድምህ አልሳተም» አልኩት ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማኝ።

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አምኖኛል ብዬ ደስ አለኝ።

«ተባረኪ» አለኝ። «ልጅ ለአባቷ እንዲህ ነው። ግን ተይው የኔ ልጅ፣ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።»